«የማይለቀው» የተባለው ቀሚስ

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቢቸና ውስጥ ጥልፍ ቀሚስ እየሠራሁ ስሸጥ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝም።

ያን ጊዜ የገበያው ቀይ ክር ብዙው ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይለቅ ነበር። እኔ ግን ክሩን ገዢዋ ፊት በፈላ ውሃ ነክሬ በነጭ ጨርቅ አሸዋለሁ። ጨርቁ ካልቀላ እጠልፍበታለሁ፤ ከቀላ እጥለዋለሁ። ሴቶቹ ይህን እያዩ ቀሚሴን «የማይለቀው» አሉት። ስሙ ከእኔ ቀድሞ ሞጣ ገባ። ክር የሚሸጡልኝ የሞጣው ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ሳይቀሩ ለደንበኞቻቸው ቀሚስ ያዝዙኝ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

አንድ ዓመት ለጥምቀት ከሞጣ ብዙ ቀሚስ ታዘዘ። የተፈተነው ክር በዚያው አለቀ። የቀረኝ የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ የየሺ ቀሚስ ብቻ ነበር። የሺ ታጭታለች፤ ሠርጓ በጥር መጨረሻ ነው፤ አማቶቿም መጀመሪያ የሚያዩአት በጥምቀት ዕለት ነው። ሐጂ አዲስ ክር ላኩልኝ። «ይህ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ሳትፈትኚ እንዳትጠልፊበት» የሚል ቃልም ልከውብኛል።

አልፈተንሁትም። ክሩ የደረሰኝ ከተራ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ቢለቅ ሌላ የለኝም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ነገሩ፣ አለማወቁን መረጥሁ። እትዬ ጥሩነሽ ቀሚሱን ሊወስዱ ሲመጡ «ፈተንሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይመኑኝ» አልኋቸው። አምነውኝ ሄዱ።

በጥምቀት ጠበሉ ሲረጭ የሺ ከፊት ነበረች። ቀዩ ከደረቷ ጀምሮ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ወረደ። ደም ይመስል ነበር። የእጮኛዋ እናት ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከሰው መሀል ሾልኬ ወጣሁ።

በሳምንቱ ከወንዱ ወገን ሽማግሌዎች እትዬ ጥሩነሽ ቤት መጡ። እኔንም አስጠሩኝ። ትልቁ ሽማግሌ «ክሩ ነው እንዳንል የዚች ሴት ልብስ አይለቅም። ጠበል ላይ ደም መታየቱ ደግ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንቺው ተናገሪ። ክሩን ፈትነሽው ነበር?»

የሺ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አንድ ቃል ብናገር ትድን ነበር። ለፋሲካ ከሞጣ የመጣልኝ ትእዛዝ ትዝ አለኝ።

«ፈትኜዋለሁ» አልሁ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እኔ ስሜን ከሰው በላይ አደረግሁት።

እጮኝነቱ ፈረሰ። የሺ ገደ ቢስ ተባለች፤ ሌላ ጠያቂም አልመጣላትም። ክረምቱ ሳይገባ በጭነት መኪና ወደ ደጀን ሄደች፤ ከዚያም ዓባይን ተሻገረች ተባለ። የእኔ ቀሚስ በዚያ ዓመት ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ ተሸጠ።

ከዓመታት በኋላ አልቻልሁም። እትዬ ጥሩነሽ እግር ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኋቸው። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቀሚሱን በማግስቱ አጠብሁት። ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየርሁ፤ ሦስቱም ቀላ። ከዚያ በኋላ ላሳይ ብል የሚለቅ ቀለም አልቀረውም።»

«ታዲያ ለምን ለሽማግሌዎቹ አልተናገሩም?»

«እናት ለልጇ ዋሸች ነው የሚሉኝ። ሰው የሚያምነው አንቺን ነበር።»

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ፤ የሰጡኝን ስግደት ሰግጄ ጨረስሁ። የሺ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚነግረኝ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።