እኩል የከፈልኳት ክኒን

ክኒኗ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። መሃሏ ላይ መስመር ስላለባት የወጥ ቤት ቢላዬን ጫፍ መስመሩ ላይ አድርጌ ስጫነው ጠቅ ብላ ለሁለት ትከፈላለች። ከወር በላይ በየጠዋቱ እንዲህ ሳደርግ አንድም ቀን አላመነታሁም። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

የክኒኗ ባለቤት የልጅ ልጄ ናት። ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር ባለው ቤቴ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ጅቡቲ እንደ ምድጃ በምትግልበት በሐምሌ፣ “እማዬ በረደኝ” እያለች ጋቢ መደረብ ጀመረች። ፊቷ አበጠ፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ከሥራ ስትመለስ እንደተቀመጠች ታንቀላፋለች። እኔ ሰነፍሽ ብዬ ስቆጣት ከረምኩ። አንገቷ ላይ እብጠት ሲወጣ ነው ሐኪም ጋ የሄድነው። አንገቷ ውስጥ ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን አንሷል፣ የጎደለውን በክኒን እየተካች ዕድሜ ልኳን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ትውሰድ ተባለ። ክኒኑን በጀመረች በሁለት ወሯ ልጄ ተመለሰችልኝ። ክኒኑን የሚያመጣልን ከአዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እሷ ስለምትረሳ፣ ጠዋት ክኒኑን ከውኃ ጋር የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ዓይኗን ሳትገልጥ አፏን ትከፍትልኛለች።

ሌላዋ ልጅ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። ወደ የመን ልትሻገር ከወሎ ተነስታ፣ ጀልባዋንና ባሕሩን ስታይ ፈርታ ቀረች። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆነች፤ ማደሪያዋ እኔ ዘንድ ነው። የእሷም አንገት አብጦ ነበር። ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ በልታ ትከሳለች፣ ቁጭ ባለችበት ላብ ያሰምጣታል፣ የያዘችው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል።

“እኔ ሳልበላ እወፍራለሁ፣ አንቺ ድስቱን ጠርገሽ ትከሻለሽ” ትላታለች የልጅ ልጄ። “የት ነው የምትደብቂው?”

“አንቺ ላይ ነዋ! እኔ እበላለሁ፣ አንቺ ትወፍሪያለሽ።”

ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ልጅቷን ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት “የመኖሪያ ወረቀት የለኝም እማማ፣ ከበሩ ላይ ይይዙኛል” ብላ አሻፈረኝ አለች። የአንዷን አንገት አያለሁ፣ የሌላዋን አያለሁ። ሁለቱም እንቅርት ነው። አንዷ መድኃኒት አላት፣ አንዷ የላትም። ይኼ ደግሞ አላስተኛኝም።

እኔ አድልዎ አልወድም። ሀራሙስ ወጥ ቤት በሠራሁበት ዘመን፣ እመቤቲቱ ለእኔ ሥጋ ለዘበኛው አጥንት ስትልክ ሳህኑን ይዤ ሳሎን ድረስ ገብቻለሁ። ወይ ለሁለታችንም ሥጋ፣ ወይ ለሁለታችንም አጥንት አልኳት። በዚህ እኮራ ነበር። አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ለሁለት መክፈል ግን ማንም አያስተምረኝም እል ነበር።

ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ቢላዬን አነሳሁ። ግማሹን ለልጅ ልጄ፣ ግማሹን ለልጅቷ።

“ዋጪ፣ ለአንገትሽ ነው።”

“ከየት መጣ እማማ?”

“ከእኔ። አትጠይቂኝ።”

“እሺ፣ መርዝም ቢሆን ከእርስዎ እጅ እጠጣለሁ” ብላ ሳቀችና ዋጠችው።

የልጅ ልጄ ጋቢዋን እንደገና ከሣጥን ስታወጣ አይቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ክሊማ፣ ማቀዝቀዣው ይሆናል ያበረዳት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ልጅቷ ደግሞ “ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል፣ ተኝቼም ይሮጣል” አለችኝ። መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር እየታገለ ነው አልኳት። ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም። ከአፌ ወጣ፣ እሷም አመነችኝ። ከነገሩ ሁሉ በጣም የሚከብደኝ ይኼ ነው። ነግራኛለች፤ እኔ ግን መልስ አላጣሁም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የቪላው ዘበኛ ደወለልኝ። ልጅቷ ልብስ ስታሰጣ ወድቃለች። በታክሲ ይዣት ሐኪም ቤት ስደርስ ከንፈሯ ነጭ ነበር፣ ደረቷ ላይ ልብሷ ይርገበገባል። ወረቀት አላችሁ ወይ ያለኝ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ወዲያው አስገቧት። የልጅ ልጄም ከሥራዋ እየሮጠች መጣች።

ሐኪሟ ወጣት ጅቡቲያዊት ናት፤ በፈረንሳይኛ ነው የምትናገረው። የእኔ ሶማሊኛ የገበያ፣ የእኔ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ስለሆነ የልጅ ልጄ መሃል ቆማ ታስተረጉማለች።

“ምን መድኃኒት ትወስዳለች? ትላለች።”

“ምንም” አልኩ።

የልጅ ልጄ “ምንም” ብላ አስተላለፈች። የእኔን ውሸት በእሷ አፍ ሰማሁት።

ሐኪሟ የልብ ምቷን ወደሚቆጥረው መሣሪያ አየች፣ የልጅቷን አንገት ዳሰሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አዬዮ” አለችኝ፤ በሶማሊኛ አያቴ ማለቷ ነው። ቀስ ብላ ስለተናገረች ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ልቧ በዚህ ሩጫ ብዙ አይቆይም፣ ምን እንደዋጠች ካላወቅኩ የምሰጣት መድኃኒት ሊጎዳት ይችላል ነው ያለችው። ልጅቷም ተኝታ ታየኛለች። መናገር ትችል ነበር። እኔ እስክናገር ጠበቀችኝ።

“ያንቺን ክኒን ነው” አልኩ ለልጅ ልጄ።

“የእኔን? የትኛውን?”

“ያንገትሽን። ግማሹን ለአንቺ፣ ግማሹን ለእሷ። እኩል ነው የሰጠኋችሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ሹፌሩ የመጨረሻዋን ካርቶን ካመጣ ጀምሮ።”

እጇን አንስታ የራሷን አንገት ነካች። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞራ ነገረቻት። ከሁሉ የገባኝ “ሟቲዬ” የሚለው ቃል ነው፤ በፈረንሳይኛ ግማሽ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ አለችው፤ አንዴ ልጅቷን እያሳየች፣ አንዴ ራሷን።

የልጅቷ ልብ አደብ ሲገዛ ምሽቱ ተቃርቦ ነበር። ሐኪሟ ሳትቆጣ አስቀምጣ አስረዳችኝ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታህል ሌላ ዕጢ አለች። ደሙን ትቀምሳለች፤ ሆርሞኑ ሲያንስ አንገት ላይ ላለችው ጨምሪ ብላ ትልካለች፣ ሲበዛ ዝም ትላለች። እኔ በለመድኩት ገባኝ። ያቺ እመቤት ናት፣ የአንገቷ ዕጢ ወጥ ሠራተኛዋ ናት። በልጅ ልጄ ቤት እመቤቲቱ አምጪ እያለች ትጮኻለች፣ ሠራተኛዋ አቅም የላትም። በልጅቷ ቤት እመቤቲቱ ዝም ብላለች፣ ሠራተኛዋ ግን ሳትታዘዝ ድስት በድስት ላይ ትጥዳለች። ሁለቱም አንገት ያብጣል፤ አንዱ በማጣት፣ አንዱ በመትረፍረፍ። እኔ ከተራበችው ቀምቼ ለጠገበችው አጎረስኩ። ያውም በቢላ ለክቼ።

ወደ ቤት ስንመለስ የልጅ ልጄ በታክሲው መስኮት እያየች “ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር መሰለሽ?” አለችኝ። “ሐኪሟን ጠይቀን እንስጣት እል ነበር። እኩል እኩል ትያለሽ እማዬ፤ ሁለታችንንም ግን አንቺ ብቻሽን ነው የፈረድሽብን።” ከዚያ ቀን ወዲህ ክኒኗን ራሷ ትወስዳለች፤ ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።

ልጅቷ በስድስተኛው ቀን ከሐኪም ቤት ወጣች። አሁን የምትወስደው ሆርሞኑን የሚቀንስ ሌላ ክኒን ነው፤ ደሟንም በየጊዜው ይመረምሩላታል። አልጋዬን ለቅቄላት ተኝታ ሳለች እናቷ ከወሎ ደወለች። ልጅቷ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ሰጠችኝ።

“እህቴ፣ ልጄን ከሞት አወጣሽልኝ አሉ! በእቅፍሽ ሐኪም ቤት አደረስሽልኝ አሉ! እኔ ወልጄ የጣልኳትን አንቺ አነሳሽልኝ። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው።”

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ራሷን በትራስ ላይ እያወዛወዘች በዓይኗ ለመነችኝ።

“አሜን” አልኩ።

ስልኩ ሲዘጋ “ለምን?” አልኳት።

“ክኒኑን እርስዎ እንደሰጡኝ ካወቀች ዛሬውኑ ነይ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን አልመለስም።”

ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ ወይስ ምርቃቱ ጣፍጦኝ? እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። እናትየው እሑድ እሑድ ትደውላለች። ከልጇ በፊት የምትጠይቀው የእኔን ጤና ነው፤ መርቃኝ ሳትጨርስም አትዘጋም። እኔም በየሳምንቱ አሜን እላለሁ።