መጽሐፍ ይዞ መንገድ የሚለካው ሰውዬ

አጎቴ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ የፈጀ ሰው ነበር። ሲሞት መጻሕፍቱ ለእኔ ደረሱ። አንዱ ስለ ሕዝብ መንገድ ማሻሻል የተጻፈ፣ መኪና ከመምጣቱ በፊት የታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ዲላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ ገልጦ አየውና፣ "ይሄ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ከእጅህ እንዳታወጣው" አለኝ።

እኔ እዚያው ዲላ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። መጽሐፉ ደጋግሞ የሚለው "መንገድን የሚገድለው ውሃ ነው፤ መሃሉን ከፍ አድርጉ፣ ዳርና ዳሩን ቦይ ቅደዱ" ነው። ይህን ሳነብ ከወናጎ ወጣ ብሎ ክረምት የሚበላው የገጠር መንገድ ትዝ አለኝ። ለተማሪዎቼ ምሳሌ ይሆነኛል ብዬ አንድ ቅዳሜ መጽሐፉን በፌስታል ይዤ በሚኒባስ ወናጎ ሄድኩ፤ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ።

ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ስደርስ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን የመንገድ ሥዕል እያየሁ የመንገዱን ስፋት በእርምጃ ለካሁ።

"ምንድነው የምትለካው?" አለችኝ ከእንሰቱ መሃል ብቅ ያለች ሴት።

"ቦዩን እያየሁ ነው፣ እናቴ።"

"ማን ላከህ?"

"ማንም።"

"ማንም ያልላከው ሰው እዚህ ድረስ ምን ያመጣዋል?"

በጌዴኦኛ ተጣራች። ገጀራ የያዙ ወንዶች ከቡናው ውስጥ ወጡ፤ አንዱ ከኋላዬ ቆመ። መጽሐፉን ቶሎ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። ባላደርገው ይሻለኝ ነበር።

"ምን ደበቅክ?" አሉ አንድ ሽማግሌ። ተቀብለውኝ ገለጡት። ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ያለበት ገጽ ላይ ቆዩ። "አስተማሪ ነኝ ትላለህ። የጋሪ መንገድ ዛሬ ማን ያስተምራል?"

"የድሮ መጽሐፍ ነው፣ አባባ።"

"የድሮ ከሆነ ዛሬ ለምን ትለካበታለህ?"

መጽሐፉን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

"መንገድ ሲሰፋ የሚቆረጠው የእኛ ቡና ነው" አለች ሴትየዋ። "መጽሐፉ እዚህ ይቆይ። ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ይየው።"

ብለምን ብለምን እምቢ አሉ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሳስብ፣ ገጹን ቀደው ዕቃ ይጠቀልሉበት ይሆን? ወይስ ሽማግሌው ዋጋውን አውቀውት ነው? ዲላ እስክደርስ ቀበሌውን በሙሉ ሌባ አድርጌው ነበር።

ለሚስቴ ነገርኳት። "አንተስ ደጅህን የሚለካ ሰው ብታይ ዝም ትላለህ?" አለችኝ።

"እኔ አልለካሁም!"

"በእርምጃ ለካሁ አላልከኝም እንዴ?"

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሊቀመንበሩ መታወቂያዬን አገላብጦ ካየ በኋላ ለርዕሰ መምህራችን ደወለና ሳቀ። ሽማግሌው መጽሐፉን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አመጡት። እዚያው ፊታቸው ገጽ በገጽ ገለጥኩት። ምንም አልጎደለም።

"ሌባ መሰልንህ?" አሉኝ።

"ለማየት ያህል ነው፣ አባባ።"

"እኛም አንተን ለማየት ያህል ነው የያዝነው" አሉና ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ እውነተኞቹ የመንገድ ለኪዎች መጡ። ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው፣ በሚነሣው አጥርና የቡና ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው እንደሄዱ የሰማሁት እዚያ ከሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። እኔ እጄ የለበትም። ግን ለማን ብዬ ላስረዳ?

በኋላ ያችን ሴት ወናጎ ገበያ አገኘኋት። ሰላም አልኳት፤ አልመለሰችልኝም። አጠገቧ ላለችው ሴት በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ሁለቱም ዞረው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ልገዛ የመጣሁትን ሳልገዛ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።