የአጎቴ ጢስና የእናቴ ጎመን

ዛሬ ፒያሳ የሚሉት ሰፈር ያኔ አራዳ ብቻ ነበር። አጎቴ ከጊዮርጊስ ወደ ታች፣ ከገበያው ጀርባ የቆርቆሮ ቤት ነበረው። ቤት ነበረው ከማለት ቆርቆሮ ነበረው ማለት ይቀላል። ስለ ግድግዳው ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ስለ ጣራው ግን ሳይጠየቅም ያወራ ነበር። ዝናብ ሲዘንብበት እንኳ ድምፁን እንድንሰማ ዝም በሉ ይለን ነበር።

ሥራው ኮርቻና ልጓም መሸጥ ነው። በቅሎ የሌለው ሰው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ቢያዳምጠው ኮርቻ ተሸክሞ ይሄዳል። ምላስ ነበረው። ሌላ ምን እንደነበረው እስከ ዛሬ ሳስብ አላገኘሁትም።

እናቴ የእሱ ታላቅ እኅት ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህን ከእሱ አፍ አንድ ቀንም ሰምቼው አላውቅም። አባቴ ይመታት ነበር። ሲሰክር ይመታታል፣ ሳይሰክርም ይመታታል። በመጨረሻ አንድ ጧት ጥቂት ልብስ በነጠላ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ፣ ወደ ወንድሟ ቤት መጣች። እኔ ያኔ እንስራ የምሸከም፣ ለትዳር የምታሰብ ልጃገረድ ነበርኩ። አጎቴ ከግቢው ጀርባ አንዲት የሣር ጎጆ ሰጠን፤ ቀድሞ በቅሎ ይታሰርባት ነበር። ሚስቱ ደግሞ ከጎጆዋ ኋላ ያለውን ድንጋያማ መሬት «ይኸው፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አለችን። ከሷ ያገኘነው ልግስና ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም በኋላ ጎመኑን ስታይ ተጸጽታበታለች።

እናቴ ድንጋዩን ለቅማ፣ አፈሩን ከበቅሎ ፍግ ጋር አዋሕዳ መደብ አወጣች። ጎመን፣ ድንችና ቃሪያ ተከለችበት። ዓመት ሳይሞላ አጎቴ ገበታ ላይ የሚቀርበው አረንጓዴ ነገር ሁሉ ከኛ ጓሮ የሚሄድ ሆነ። የአጎቴ ሚስት ጎመኑን ሁለቴ ትጠቀልልና «ዛሬስ ትንሽ ጠንክሯል» ትላለች። ጠንክሯል ያለችውን ግን ትታው አታውቅም።

አባቴ ሽማግሌ ላከ። ያሳደገችው ወንድሟ ምን አለ? «ለታኅሣሥ ገብርኤል ተመለሱ። እስከዚያ ራሷን ችላ ካያችኋት ትቀመጥ፤ ካልቻለች እኔም የምቀልበው ብዙ ነው፣ ወደ ባሏ ትሂድ» አላቸው። ይህን ሲል እናቴ እዚያው እግራቸውን ለማጠብ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር። ውኃውን አፈሰሰችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ ዕጣ በዚያ ጎመን ላይ ተንጠለጠለ። ጎመኑ ከቆመ እኛም እንቆማለን፤ ጎመኑ ከሞተ አባቴ ቤት ነን።

አዲስ አበባ ብርድ የለም የሚሉ ሰዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ ጓሮ ወጥተው የማያውቁ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋለና ነፋሱ ከቆመ ውርጭ ይወርዳል። ቅጠሉን ነጭ ያደርገዋል፤ ፀሐይ ስትነካው ደግሞ ያጠቁረዋል። እናቴ ይህን አውቃ ከመስከረም ጀምሮ ተዘጋጅታ ነበር። ገበያው ሲበተን በጭድ ተራ የወደቀውን ገለባና ሣር ሁሉ እየለቀምን ከጎጆዋ ጀርባ ከመርነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ማታ መደቡን ማልበስ፣ ጧት ፀሐይ ሲወጣ መግፈፍ። ክምሩ ከኔ ቁመት በልጦ ነበር። እናቴ በጎኑ ባለፈች ቁጥር በእጇ መታ ታደርገው ነበር።

ከዚያ የኅዳር ሚካኤል መጣ። ያ ክፉ የኅዳር በሽታ ከተማውን ከፈጀ ወዲህ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን አራዳ ሁሉ ጉድፉን ጠርጎ ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ያንን በሽታ ያየ ሰው ቢያጥን አልፈርድበትም። አጎቴ ግን የሚያጥነው በሽታውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነበር። ፊት ለፊታችን የሚኖረው የአቡጀዴ ጨርቅ ነጋዴ ባለፈው ዓመት ያጨሰው ጢስ ጊዮርጊስ ድረስ ታይቶ ነበር አሉ። አጎቴ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሲብከነከን ከረመ። ሰው በጢስ ይቀናል? አጎቴ ይቀና ነበር።

እኔና እናቴ ሚካኤልን ስመን ስንመለስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። እሳቱ ጣራ ያክላል። አጎቴ ጭራውን ይዞ፣ ነጩን ኩታውን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ጢሱ ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል፤ የአቡጀዴ ነጋዴው ጢስ ከሱ ጎን የድሀ ምድጃ መሰለ። እናቴ አንዴ እሳቱን፣ አንዴ ወደ ጓሮ አየች።

«ሣሬስ?» አለችው።

«እታለም፣ ጉድፍ አይደል እንዴ? ከገበያ የተለቀመ ጉድፍ በሽታ ይዞ ቢሆንስ?» አላት። ቀጥሎም ድምፁን ለሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ፣ «ደግሞ አትስጊ! ይህን የመሰለ ጢስ በሽታውንም ብርዱንም ጠራርጎ ነው የሚሄደው» አለ። የቆመው ሰው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። ያን ቀን ከቆሙት ውስጥ አንድም መደብ ያለው ሰው አልነበረም።

ብርዱ ይህን የሰማ አልመሰለኝም፣ በሳምንቱ መጣ። ጧት ስንወጣ ቃሪያው ተቀቅሎ የተጣለ ይመስላል፣ የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ ወድቋል። ጎመኑ ጠንካራ ነውና ዳሩ ብቻ ተለብልቦ ቆሟል። አንድ ሁለት እንዲህ ያለ ሌሊት ቢደገም ግን እሱም ያበቃለታል። እናቴ ወንድሟን ከበቅሎው ጭድ ጥቂት እንዲሰጣት ለመነችው። «የበቅሎዬን ራት ለጎመን ላልብስ?» ብሎ ሳቀባት። በቅሎው ሣር ይበላል፣ እሱ ጎመን ይበላል፤ የሱን ራት የሚያለብሰው ማን እንደሆነ ግን ማሰብ አልሆነለትም። ገበያ ወረድን። ከሚካኤል ወዲህ በአራዳ ምድር የወደቀ ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ታጥኗል።

ባዶ እጃችንን ስንመለስ እናቴ ደጃችን ላይ ቆመችና ቀና ብላ ጎጆዋን አየቻት።

«ዝናብ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«ገና ነው፤ በጋው መች ተነካና።»

«እንግዲያው ምን ይሠራልናል?» አለችና ቀሚሷን ታጥቃ ጣራው ላይ ወጣች።

የክዳኑን ማሰሪያ በቢላዋ እየበጠሰች ሣሩን እስር እስሩን ወረወረችልኝ። የዓመታት ጥላሸት የጠጣ ሣር ነው፤ ፊታችን ከሰል መሰለ። እኔ መደቡ ዙሪያ ባላ እየተከልኩ፣ በላዩ እንጨት እያጋደምኩ፣ ሣሩን እያነጠፍኩ ሄድኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎመኑ ጣራ አገኘ፤ የኛ ጎጆ የጎድን አጥንቷ ብቻ ቀረ።

አጎቴ ከሱቅ ገብቶ ሲያይ ራሱን ያዘ። «እታለም፣ አዋረድሽኝ! ሰው ምን ይለኛል? የሱ እኅት ሜዳ ላይ ታድራለች አይልም?»

«ጢስ አለህ አይደል፣ እሱን ክደንልኝ» አለችው።

ግቡና ከኛ ጋር እደሩ ግን አላለንም። ያ ሁሉ ቆርቆሮ ለሁለት ሰው አልበቃም።

እንዲህ ሆነን ከረምን፤ ማታ ጎመኑን እናለብሳለን፣ ጧት እንገፍፋለን። ውርጩ ጎመኑን ሲያጣ እኛ ላይ ወረደ። ስንነሣ ጋቢያችን ውርጭ ለብሶ ደርቆ እናገኘው ነበር። እናቴን ያን ጊዜ የያዛት ሳል እስክትሞት አልለቀቃትም። ለዚህ አጎቴን ይቅር አላልኩትም፤ ዛሬም አላልኩትም። ሰዎች «ሟች ነው፣ ተይው» ይሉኛል። ሟች መሆኑን እኔም አውቃለሁ።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አንድ ቄስና ሁለት የአባቴ ዘመዶች። ጾም ነውና የእናቴ ጎመን ቀረበላቸው። በደንብ በሉ። አጎቴ ይህን ጊዜ ጎረሰና፣ «ይህ ጎመን እኮ የተረፈው በኔ ጢስ ነው። በኅዳር ሚካኤል ያጨስኩትን ብታዩት!» አላቸው። ቄሱ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት። እኔ ውኃ የያዝኩበትን ማንቆርቆሪያ ጭንቅላቱ ላይ ላፈስበት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ከበሉ በኋላ ጓሮውን እንይ ብለው ወጡ። መደቡን አዩ፣ ጎመኑን አዩ፣ ከዚያ ጎጆዋን አዩ። ከአባቴ ዘመዶች ትልቁ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና እናቴን እንዲህ አሏት።

«ልጄ፣ ራስሽን መቻልሽንስ አይተናል። ግን ይኼ ቤት ነው? ባልሽ እኮ ጣራ ያለው ቤት አለው። ይቅር በይውና ተመለሽ።»

እናቴ ጎመኑ ማታ የሚለብሰውን ሣር እያስተካከለች ነበር። ቀና አለች።

«ጣራማ ነበረኝ፣ አባቴ። የተመታሁት እኮ እሱ ሥር ነው» አለች።

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው መልሰው ከተቱት። ወዲያው በቅሎአቸውን አስጭነው ሄዱ። ለአባቴ «ሴትየዋ አብዳለች፤ ለጎመን ብላ ሜዳ ላይ ታድራለች» ብለው ነገሩት አሉ። እብድ መባሏ ጠቀመን፤ እብድ ሴት ትመለስልኝ ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ባል አልተገኘም።