የአባቴ የቀርከሃ ቮልስ

ባለፈው ሰሞን ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፌ ሳለ ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ ከፊቴ መጥቶ ቆመ፤ የእርጥብ ቀርከሃና የቤንዚን ሽታ ተደባልቆ በመስኮቴ ሲገባም የጓሯችን ማንጎ፣ ከሥሩም በድንጋይ ተደግፋ የቆመችው ቮልስ ድንገት መጡብኝ። ይህ ሽታ የሚቀሰቅስብኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ንዴትም አለበት።

አባቴ ጴጥሮስ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው። እሱም እስኪጎረምስ ሲሸምን ኖሮ ወደ አርባ ምንጭ ወረደና ጋሽ ተካ በሚባሉ ሰው ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት በረዳትነት ሠራ። ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥመው እሱ፣ መኪናውን ለባለቤቱ የሚያስረክቡትና የሚመሰገኑት ግን እሳቸው ነበሩ። ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ አባቴ በግቢያችን የራሱን ጋራዥ ሲከፍት፣ ጋሽ ተካ «ሸማኔ መወርወሪያውን ይወርውር እንጂ ሞተር ምኑ ነው?» እያሉ ለመጣ ለሄደው ያወሩ ነበርና በራችንን የሚያንኳኳ ጠፋ። አባቴ ጠዋት ጠዋት መፍቻዎቹን ወልውሎ፣ በየመጠናቸው ደርድሮ ይጠብቅ ነበር። የሚፈታ ነገር ግን አልነበረም።

በዚያው በጋ የከተማው መኪና ወዳዶች ለመስቀል ሰሞን ውድድር እንዳሰቡ ተሰማ፤ ከአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ተነስቶ ዳገቱን ወጥቶ ዶርዜ ገበያ ላይ የሚያበቃ፣ መንጃ ፈቃድና መኪና ያለው ሁሉ የሚገባበት። አባቴ መኪና ስላልነበረው ሊሠራ ተነሳ። ምዕራብ ዓባያ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ያድርባት የነበረች ሞተር አልባ ቮልስ አግኝቶ፣ በሙዝ መኪና ላይ አስጭኖ አመጣት። ላባውን ጠርገን ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብን።

በልግ ሲገባ፣ ዝናቡ ከማንጎው ቅጠል ላይ እየተንጠባጠበብን፣ ከሦስት የተጣሉ ሞተሮች አንድ የሚሠራ ሞተር አወጣ። ዝገት የበላውን ወለል በርሜል ቀጥቅጦ ዘረጋላት፣ ብትገለበጥ እንዳትደፈጥጠው ደግሞ ከውስጥ በውኃ ቧንቧ ብረት ደገፋት። ክረምት ላይ ቆርቆሮ መግዣ ሲያጣ ከዶርዜ ቀርከሃ አስወረደና፣ እኔ እየሰነጠቅኩ ሳቀብለው፣ በሮቿንና ክዳኖቿን እንደ ዶርዜ ቤት ግድግዳ ጎነጎናቸው። የወንበሩን ቀበቶ እንኳን ራሱ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ጥጥ አጥብቆ ሸመነው። «እነሱ ጉልበት ይግዙ፣ እኛ ክብደት እንቀንሳለን» ይለኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ቅርጫቱ» የሚል ስም አወጡላት። ሁለቱን በድንጋይ ፈንክቻለሁ፤ እስከ ዛሬም አልጸጸትም።

እናቴ ግን ታክቷት ነበር። «ዶርዜ ከደረሰች አብረን እንመለሳለን፤ ካልደረሰች እዚያው እንቀራለን፣ አንተም ወደ ሸማህ» ብላው፣ ለመስቀል ስንወጣ ፍራሹንም ድስቱንም አስጭና ሄደች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። እዚያ ከቀረን ግን ትምህርቱ ቀርቶ ጥጥ ስፈትል እንደምውል አውቅ ነበርና፣ ያቺን ቮልስ ከአባቴ ይልቅ የምፈልጋት እኔ ነበርኩ።

የውድድሩ ዋዜማ ሲዘንብ አደረ። ከዶርዜ በታች ካለችው የመጨረሻ ኩርባ ላይ ከዘመዶቻችን ጋር ቆመን ስድስት መኪኖች ሲያልፉ አየን፤ ሰባተኛዋ የእኛዋ ነበረች። ኩርባው ላይ ጭቃው አንሸራተታትና አፍንጫዋን ቦይ ውስጥ ቀረቀረች። ደንቡ፣ ቦይ የገባን መኪና ሰው ወደ መንገዱ ቢመልሰው ይፈቅዳል፤ ወደፊት የሚሄደው ግን በራሱ ጎማ ብቻ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ማዳ «ዮ ማስቃላ!» ብሎ የመስቀሉን ጥሪ ሲጮህ፣ ጎረምሶቹ ነጠላቸውን ጥለው ወረዱ። በዶርዜ ምስጥ የቤትን እግር ሲበላ ወንዶች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንስተው ይሸከሙታል፤ የተነሳ ቤትም ምስጡ ወደሚጠብቀው ወደ ድሮ ቦታው አይመለስም። ታዲያ ቀርከሃ ለብሳ ያዩዋትን መኪና አባቴ እንደተቀመጠባት፣ እንደለመዱት አነሷት፣ በዜማ እየተቀባበሉም ኩርባውን አሳልፈው ሜዳው ላይ አስቀመጧት። ዳኛ የሚባል በአካባቢው አልነበረም። ገበያው ከፊታችን ይታይ ነበር።

«አባዬ፣ ንዳ! ወደፊት!» ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ ዞሮ ኩርባውን አየው። ከዚያ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

አጎቴ ማዳ መስኮቱን ያዘና «እኛ ያነሳነውን አንተ ትመልሳለህ? ሰው ምን ይላል?» አለው።

«ኩርባውን ያለፋችሁት እናንተ ናችሁ፣ ወንድም ዓለም። እኔ ገና አላለፍኩትም።»

እየተንሸራተተ ቦዩ ድረስ ወረደ። መልሶ ሲያወጣት ሁለት ጊዜ አቃታት፤ በሦስተኛው እያቃሰተች ወጣች። እኔ ፊቴን ሸፍኜ እሱን እየረገምኩ ነበር።

ቮልሷን ተከትለን ገበያው ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ጋሽ ተካ «ጎረምሳ ተሸክሞህ ወጣህ አሉ!» ብለው ሰዉን አሳቁት። አባቴ ቀበቶውን እየፈታ «የጎማዬን ዱካ ወርደው ይዩት ጋሽ ተካ፤ ጭቃው አልደረቀም» አላቸው። እሳቸው አልወረዱም። አንደኛ የወጣው የሙዝ መኪና ሹፌር ግን በእግሩ ወርዶ አይቶ ተመለሰና አባቴን ጨበጠው። በሳምንቱ አይሱዙውን ማንጎው ሥር አቁሞ «ሞተሯን እይልኝ» አለ። እናቴም ፍራሹን መልሳ ዘረጋች።

አባቴን ግን ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ለአንድ ኩርባ ሲል በትምህርቴ ቁማር የተጫወተ መስሎኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኩትም።

አሁን እኔ ለዓመታዊ ምርመራ የሚመጡ መኪኖችን የምፈትሽ ሰው ነኝ። ዘመድ ዛሬም ተሸክሞ ያሳልፋል፤ ያኔ ሃያ ትከሻ ይጠይቅ ነበር፣ አሁን አንድ ስልክ ይበቃል። ባለፈው መስከረም የአጎቴ የማዳ ልጅ ሚኒባስ መጣ፤ ፍሬኑ አይዝም ነበር፣ አጎቴም ደውሎ «ያንቺው ወንድም አይደል? አሳልፊው» አለኝ። ሚኒባሱን ሳላሳልፍ መለስኩት። ለመስቀል ዶርዜ ስወጣ አጎቴ ፊቱን አዞረብኝ፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ በላሁ። ያኩርፍ።