ቀይ የታየበት ሰዓት

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት አይጥ ጠብቋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ኃላፊዋ ድረስ «ጋሼ አይጥ» ይሉታል፤ እሱም ቅር አይለውም።

ሥራው ሰው ፊት ለማውራት አይመችም። ለወጣትም ላረጁም አይጦች ቀይ ቀለም ያለበት ፈሳሽ በአፋቸው ይሰጥና፣ በርጩማውን ስቦ ከሳጥኑ ፊት ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ቀይ ኩስ ስትወድቅ ሰዓቷን ይመዘግባል። ወጣቷ አይጥ ከምሳ በፊት ትገላግለዋለች። አሮጊቷ ግን ወገቡን እስኪቆርጠው ታስጠብቀዋለች።

አንድ ቀን ኃላፊዋ ነገሩን አስረዳችው።

«ጋሼ፣ ሴል ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ። አንዳንዱን ጂን ‹በቃህ፣ ዝም በል› የሚሉት እነሱ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ መጠናቸው ይዛባል። አንጀት የሚሰንፈው በዚህ ይሆን ወይ ብለን ነው የምንፈትሸው።»

«መድኃኒቱስ መቼ ይወጣል?»

«ኧረ ገና ነው፣ ጋሼ።»

«ፍጠኑ እንጂ! የኔ አንጀት ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።»

ሳቀች። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ቤት ውስጥ ራሱን መለካት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ቀይ ሥር ይበላል፤ ሰዓቱን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጥግ ይጽፋል፤ ከዚያ ቀይ እስኪያይ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቀን ነበር፣ በኋላ ሦስት ሆነ። እናቴ «ሰው አግብቼ አይጥ ሆኖ ቀረ» ትል ነበር።

አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከመጸዳጃ ቤት እየተጣደፈ ወጣ።

«ሃምሳ ሁለት ሰዓት! ተሻሽያለሁ!»

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «የምኑ ሃምሳ ሁለት?»

«የቀይ ሥሩ ነዋ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ቀይ ሥር አጥቼ ካሮት አይደል እንዴ ያበላሁህ?»

ሰዓቱን በልማድ ጽፏል እንጂ ሳህኑን ልብ አላለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዩን ሲያይ ይደነግጥ ነበር። እሱ ያየው ሰዓቱን ነው።

ሐኪም ቤት አልሄድም አለ። «ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል።» ደሙ ግን አልተወውም። እናቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም አኮረፈች። በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ ገርጥቶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ሥራ ቦታው ሄድኩ። በርጩማው ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ይቺ አይጥ ደም ብታሳይ ምን ታደርጋለህ?»

«ለኃላፊዋ እነግራለኋ።»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ?»

ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን ወደ ሳጥኑ መለሰ። «እሺ፣ ይቺን ልጨርስና» አለ። አሮጊቷ አይጥም አልቸኮለችም፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «አባባ፣ ደሙን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ለታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ። ሦስት ሳምንት ሆነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሐኪሙ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። የምርመራ ወረቀቱን ሞልቶ ለሰኞ ጠዋት ቀጠረን።