ለተርብ የንብ ጭስ

የዚያን ቀን የሠራሁትን ጅልነት ለመሥራት ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ንብ ከሚያረባ ቤት መወለድና ዕድሜ ልኩን «እኔ ንብ አውቃለሁ» ሲል መኖር። ሁለቱም ነበሩኝ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ ተርቡ ሁሉ በነቃበት ሰዓት፣ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬ ለኮስሁ፤ ነበልባሉን አጥፍቼ ጭሱን አስቀረሁ። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጣሁና በአጥራችን በር ክዳን ሥር የተንጠለጠለውን የተርብ ቤት ቀስ ብዬ አጠንሁት። አባቴ ቀፎ ሲከፍት እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ጭሱን እፍ ይላል፣ ንቦቹ ይረጋጋሉ፣ እርሱም «እንደምን ዋላችሁ» እያለ እንደ ዘመድ እጁን ይሰድዳል። እኔም እፍ አልሁ። «እንደምን ዋላችሁ» የሚለውን ግን አልጨረስሁትም።

መጀመሪያ የላይኛውን ከንፈሬን አገኙት፤ ቀጥሎ ጆሮዬን፤ ከዚያ ቅንድቤን። በርጩማው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆንን። እንደዚያ መሮጥ እንደምችል አላውቅም ነበር፤ ለካ እነዚህ ጉልበቶች ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነው የሚያማቸው።

ከበሩ ውጭ ግን ጎረቤቴ ጀሪካኗን ይዛ እየመጣች ነበር። ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ከእኔ በጥቂት የምታንስ፣ በምላስ ብዙ የምትበልጠኝ ሴት ናት። ቤቷ ቧንቧ ስላልገባላት ውኃ በሚመጣበት ቀን የምትቀዳው ከእኛ ግቢ ነው፤ መግቢያውም ያው ተርቡ የሰፈረበት በር ነው። አምና አንድ ተርብ ቢነድፋት ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ በባጃጅ ሆስፒታል ደርሳ ነው የተረፈችው። ሐኪሙም ሁለተኛ እንዳትነደፍ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቤቱን ላወርደው የተነሣሁትም ለእርሷ ብዬ ነበር። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ በዚህ በኩል አትምጪ ብሎ መንገር።

ጀሪካኑ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ቀጥሎ የእርሷ በር ሲዘጋ።

በጓሮ ዞሬ፣ አጥር ሾልኬ ደጇ ላይ ቆምሁ።

«እታለም፣ ነደፈሽ?»

ያላበጠውን ጆሮዬን መዝጊያው ላይ ለጠፍሁ።

«አልነደፈኝም። ማን ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፅዎ የእርስዎ አይደለም።»

«ከንፈሬ ነው።»

በሩን በጥቂቱ ከፈት አድርጋ አየችኝ። መጀመሪያ ተርብ እንዳልተከተለኝ አጣራች፤ ከዚያ ነው የሳቀችው።

«አያ፣ በስተርጅና ጥሩምባ ሊነፉ ነው እንዴ? ምን አደረጓቸው?»

«አጠንኋቸው።»

«ተርብ ያጥናሉ? ቀጥለው ማር ሊቆርጡ ነበር?»

እርሷም ሳቁን ተወችና፣ «እንግዲህ በዚያ በር አላልፍም። ከወንዝ እቀዳለሁ» አለች። ወንዙ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ውኃ ተሸክመው ሲመለሱ አቀበት ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ቤቷ ደጃፍ ላይ ያለውን ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዛ ነው የምትወጣው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ከንፈሬ ላይ እየለጠፈች፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለችኝ።

«የምን መቸኮል? ከክረምት መውጫ ጀምሮ ተቀምጬ ሳያቸው ነው የከረምሁት።»

«ጥፋቱስ እርሱ አይደል? ያኔ አንዲት ሆና ስትጀምረው በመጥረጊያ እንጨት ነካ ቢያደርጉት ያልቅ ነበር። እርስዎ ግን በርጩማ አውጥተው ሊመርቋት ተቀመጡ።»

እውነቷን ነው። ዝናቡ ሲያባራ አንዲት ተርብ ብቻዋን መጥታ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ግራጫ ነገር አንጠለጠለች። እኔም ከምን እንደሠራችው ለማወቅ ጓጓሁ። ጭቃ አይደለም፤ ሰምም አይደለም። በዓይኔ ስከተላት ዝናብና ፀሐይ ያገረጣውን የአጥራችንን የባሕር ዛፍ አጣና ስትግጥ አገኘኋት። ጆሮ ቢያስጠጉ መጋጧ ይሰማል፤ አይጥ ከሩቅ ስትቆረጥም ይመስላል። የፋቀችውን እንጨት በምራቋ አላቁጣ ትወስድና በስሱ እየለጠፈች ታደርቀዋለች። ነገሩ ወረቀት ነው። ወረቀት ፋብሪካ በደጄ ተከፍቶ እንዴት ላፍርሰው? ደግሞ ልጆቿ አድገው ጎመኔ ላይ ያለውን ትል እየለቀሙ ሲወስዱ ባይ ጭራሽ ባለውለታዬ አደረግኋቸው። እንዲህ እያልሁ ስደነቅ ያቺ ጥፍር የምታህል ነገር መዳፍ አከለች፣ ከዚያ ሣህን አከለች። ጎረቤቴም አንድ ቀን ቀና ብላ አየቻትና ፊቷ ተለዋወጠ።

ነጭ ሽንኩርቱ እያቃጠለኝ ጭሱ ለምን እንዳልሠራ አሰላስል ጀመር። ንብ ጭስ ሲሸታት ቤቷ የተቃጠለ ይመስላትና ለስደት ማሯን በሆዷ ትሞላለች፤ የጠገበ ሰው ደግሞ ጠብ አይወድም። ተርብ ግን ማር የላትም። ቤቷ ውስጥ ያለው ልጆቿ ብቻ ናቸው፤ ልጅ በሆድ ሞልተው አይሸሹበትም። ስለዚህ ቆማ ትዋጋለች። ይህ ጥበብ የተገለጠልኝ በአንድ ዓይን ነው፤ ሁለተኛውን እብጠቱ ዘግቶት ነበር።

እንግዲህ ማየቱ እንደሆነ የምችለው ሥራ ነው፤ አሁን ግን ለቁም ነገር ማየት ነበረብኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ጥቅምት ስለሆነ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቧል። ተርቦቹ ቤታቸው ላይ ተለጥፈው አንዲቷም አትንቀሳቀስም። ከሩቅ በረጅም ሸምበቆ አጠገባቸው ያለውን ማገር ነካ አደረግሁት። አንዷ እግሯን አነሣችና አስባ መልሳ አስቀመጠችው፤ ባለቤቴ ለኪዳን ስትቀሰቅሰኝ እኔም እንዲሁ ነኝ። ፀሐይ ወጥታ የበሩን ክዳን ቆርቆሮ ስትመታ ነው ክንፋቸውን እያፍታቱ የተነሡት። ጠላቶቼ ብርድ እንደሚይዛቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን ንጋት ጠበቅሁ። ጋቢ ተከናነብሁ፣ የባለቤቴን የዝናብ ልብስ ደረብሁ፣ እጆቼን በካልሲ አለበስሁ። ባለቤቴ በመስኮት አይታ፣ «እንዲህ ሆነው ከሄዱማ ሳይነኳቸው ይሸሻሉ» አለች። የማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ከሥር ወደ ላይ ቀስ አድርጌ ቤቱን አስገባሁበት፣ አፉን ቤቱ በተንጠለጠለባት ግንድ ላይ ሰበሰብሁና ጠመዘዝሁት። ቀጭኗ ግንድ ቀጭ አለች። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራነው ነገር የደረቀ ቅጠል ያህል እንኳ አይከብድም። አስሬ በርሜል ውኃ ውስጥ ነከርሁት። ለጥቂት ጊዜ እምምም የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ። መሳቅ አልቻልሁም።

ውጭ ያደሩ ጥቂት ተርቦች ፀሐይ ሲሞቅ መጥተው ግንዱ የነበረበትን ቦታ እየዞሩ ፈለጉት። ከበሩ ግድግዳና ከክዳኑ ቆርቆሮ መካከልም ጭቃው ተቦድሶ ንፋስና ዝናብ የማያገኘው ጥሩ መጠለያ ተፈጥሯል። ይህ ካልተደፈነ ሌላዋም መጥታ ትጀምራለች፤ ጎረቤቴም ከወንዝ አትመለስም። አፈርና ጭድ ነበረኝ፤ እበት ግን የለኝም፤ ከብቶቻችንን ከሸጥን ቆይተናል። እበት የሌለው ልስን ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላም ያላት ጎረቤቴ ናት።

«እታለም፣ እበት አበድሪኝ።»

«እበትም ይበደሩ ጀመር?»

«ለበሩ ነው። ቀዳዳውን ልድፈነው።»

ገባችና አንድ ሳፋ ሙሉ በአጥር አሳልፋ ሰጠችኝ። «ሳፋዬን ባዶውን እንዳይመልሱልኝ» አለች።

ደፈንሁት። የቀሩት ተርቦች ለጥቂት ቀናት ሲዞሩ ሰንብተው ተስፋ ቆረጡ። አሁን ማለዳ ስወጣ የኩሽናውንና የሽንት ቤቱን ክዳን ሥር ሥሩን ቀና ብዬ አያለሁ፤ አዲስ የምትጀምር ካለች በመጥረጊያ እንጨት አወርድባታለሁ። ከማውረዴ በፊት ለአፍታ አያታለሁ፤ ይህንን ለባለቤቴ አትንገሩብኝ።

ውኃ የመጣ ቀን ጎረቤቴ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች።

«እዚያ ሥር ይቁሙና ልይዎ።»

ቆምሁ።

«ባርኔጣዎን ያውልቁ።»

አወለቅሁ። መላጣዬን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህን አይቶ የሚነድፍ ተርብ ከሌለ፣ በቃ የሉም» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ሮጥ ብላ አለፈች። ጀሪካኗን ሞልታ ስትመለስ ግን አልሮጠችም። ከበሩ ሥር ቆማ፣ ፊቷን ገልጣ፣ ወደ ላይ አየች።

«ልስኑ ጠማማ ነው» አለች። «እበቴስ?»

ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር የምትለኝ ይህንኑ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ከብቶች በደጃችን ሲያልፉ ሳፋዋን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው እሄዳለሁ፤ የሰፈሩ ሴቶች ግን እበቱን ለኩበት እየለቀሙ ይቀድሙኛል። ሳፋው እስከ ዛሬ ግማሽ አልደረሰም፤ እርሷም ጎደሎ አልቀበልም ብላለች።