ቀዩን ያጣሁበት መርከብ

በመጀመሪያ ሳል ነበር። የከተማችን የሆሳዕና ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ። ሱሪዬ ከወገቤ መውረድ፣ ላብም ሌሊት ሌሊት ማጥመቅ ሲጀምረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ተመረመረ። የሳንባ ቲቢ።

ሲስተሯ አራት መድኃኒት የተቀላቀለበት ክኒን ሰጠችኝና "መስኮትህ ይከፈት፣ ለጊዜው ጠያቂ አይብዛ" አለች። በእኛ አገር ይህ ከክኒኑ ይከብዳል። የታመመ ሰው ቤት በጠያቂ ይሞላል፣ ይጸለይለታል፣ ነፋስ እንዳይመታው ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል። እኔም ጋ የመጡት ዘጉት። ከፈትኩት። ዘጉት። በመጨረሻ የበሽታውን ስም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ መስኮት የሚዘጋብኝ ሰው ጠፋ።

ሐኪሙ "ከእንግዲህ ለሰው አታስተላልፍም" ካለኝ በኋላም የመጣ የለም። ሚስት አላገባሁም፤ ወላጆቼ አርፈዋል። ያለኝ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ነው። እሱም እዚሁ አቅራቢያችን ወዳለችው ሞርሲቶ በሚመለስ ጓደኛው እጅ አንድ ካርቶን ላከልኝ። ስከፍተው የሚገጣጠም የፕላስቲክ መርከብ ነው፤ የድሮ የጃፓን የጦር መርከብ፣ ከነሙጫው ከነቀለሙ። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው!

"ለድብርቱ ነው፣ ጋሼ" አለኝ በስልክ። ተናደድኩ። ግን ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

የቤት ኤሌክትሪክ ዘርጊ ስለሆንኩ እጄ ጥቃቅን ነገር ይወዳል። የክብሪት እንጨት የማያክሉትን መድፎች በወረንጦ እየያዝኩ አጣበቅኩ። እያደር ለእያንዳንዱ መድፍ ስም አወጣሁና ማውራት ጀመርኩ። አትሳቁ፤ ብቻውን የከረመ ያውቀዋል።

የቀለም ተራ ደረሰ። ከውሃ በታች የሚሆነው የመርከቡ ሆድ ቀይ መሆን አለበት። ጠርሙሶቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጃፓንኛ ስለነበረ በዓይኔ መርጬ ቀባሁና በቪዲዮ ለማርቆስ አሳየሁት።

"ጋሼ፣ ምነው አረንጓዴ ቀባኸው?"

"ቀይ ነው።"

"አረንጓዴ ነው እኮ!"

"ኔትወርኩ ነው" ብዬ ዘጋሁበት።

በማግስቱም ደወለ፤ እኔም ኔትወርኩን ሰደብኩ። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የሥራ ቦርሳዬን ከፍቼ ሽቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ናቸው። ሁለቱም አመድ። ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ሳንባዬ ታሟል ስባል እንዲህ አልፈራሁም። ቀለም የማይለይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይ ይሞታል ወይ ይገድላል። ዞር ብል የምነግረው ሰው የለም። አለቀስኩ።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ስሄድ ሐኪሙ በቀለም ነጠብጣብ የተሠሩ ቁጥሮች አሳየኝ። አብዛኞቹን አላየኋቸውም።

"ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ኢታምቡቶል የሚባለው፣ የዓይን ነርቭህን እየጎዳው ነው። ዛሬውኑ እናቆመዋለን።"

"ዓይኔ ይመለሳል?"

"ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ብትዘገይ ኖሮ ግን እንዲህ ብዬ አልመልስልህም ነበር።"

ኢታምቡቶሉ ቀርቶ ሌሎቹን መድኃኒቶች እስከ መጨረሻው ዋጥኩ፤ ቀለሙም እንደ ሄደው ሁሉ ሳይሰማ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ መጀመሪያ በመንገዱ የሚያልፉት ባጃጆች ሰማያዊ ቀለም ደመቀልኝ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ገበያ መሐል ቆሜ ከአንጋጫ የመጣ ሚጥሚጣ ሳይ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ሻጯ "ትገዛለህ ወይስ ትመርቀዋለህ?" እስክትለኝ ድረስ ፈዝዤ ቀረሁ።

ሐኪሙን፣ ሲስተሯን፣ ስልክ ሲዘጋበት ያልተቀየመውን ወንድሜን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። መድኃኒቱን የጀመራችሁ፣ ዓይናችሁ ብዥ ካለ ወይም ቀለም ከደበዘዘባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ በራሳችሁ ግን ክኒን አታቋርጡ። ጎረቤቶችም፣ መግባቱን ከፈራችሁ ደጅ ቆማችሁ ጠይቁ።

አሁን ሆመቾ ውስጥ ያንኑ ክኒን የሚውጥ ወጣት ገበሬ አለ፤ ጤና ጣቢያው እሱንም እኔንም አስፈቅዶ አስተዋወቀን። እሱም ለብቻው ነው። በየምሽቱ በቪዲዮ እየደወልኩ፣ ሰላም እንኳ ሳልለው፣ "የለበስከው ምን ዓይነት ቀለም ነው?" እለዋለሁ። ትናንት ሳልጠይቀው ቀደመኝ።

"ቀይ ነው፣ ጋሼ" አለኝ።

ቀይ ነበር።